የምክር ዓምድ፦ ካርዶቹን አስቀምጪና የልጅቷን እሺታ ተከተዪ

የደረሰን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«በሜሪላንድ የምኖር የ21 ዓመት ተማሪ ነኝ። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በ13 ዓመቴ ነው። ስፓኒሽ የለመድሁት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ማታ በምሠራበት ምግብ ቤት ከኤል ሳልቫዶር ከመጡ ባልደረቦቼ ጋር በማውራት ነው። ቋንቋውን ስለ ወደድሁት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ዋና ትምህርቴ አደረግሁት። በዚህ ሴሚስተር የስፔንን ሥነ ጽሑፍ ከአብርሆት ዘመን ጀምሮ በሮማንቲሲዝም በኩል እስከ ሪያሊዝም እየተማርን ነው። የየዘመኑን መለያ በካርድ ጽፌ በቃሌ ያዝሁ፤ አብርሆት አመክንዮ፣ ሮማንቲሲዝም ስሜት፣ ሪያሊዝም ገሃዱ ዓለም። በፈተናው ላይ አንድ ሰው የሞተች ፍቅረኛውን በሌሊት ከመቃብር ለማውጣት ሲጥር የሚያሳይ ጽሑፍ ቀረበልን። ሮማንቲሲዝም ብዬ መለስሁ፤ ስሕተት ተባልሁ። ከዚያ ወዲህ የማነበው ሁሉ ይምታታብኛል። መጻሕፍቱ ረጃጅም ናቸው፤ ስፓኒሹም እኔ የማውቀው ስፓኒሽ አይደለም። በእንግሊዝኛ ትርጉም ባነብ ይሻለኛል ወይስ ትምህርቱን ልተወው? አባቴም ‹ይህ ምን እንጀራ ይሆንሻል?› ይለኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

ውድ እኅቴ፣

ትምህርቱን አትተዪው። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ በፈተናው ላይ የሠራሽው ስሕተት ራሱ ጽሑፉን በደንብ እንደ ሰማሽው ስለሚያሳየኝ ነው። የገለጽሽልኝ ታሪክ የሆሴ ካዳልሶ «የሐዘን ሌሊቶች» መሆን አለበት። ቴዲያቶ የተባለው ሰው መቃብር ቆፋሪውን በገንዘብ አባብሎ የፍቅረኛውን አስከሬን ለማውጣት በጨለማ የሚደክምበት ሥራ ነው። ካዳልሶ ይህን የጻፈው በ1770ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ሮማንቲሲዝም በስፔን መድረክ ላይ እስኪነግሥ ገና 60 ዓመት ያህል ይቀር ነበር። ይኸው ሰው «የሞሮኮ ደብዳቤዎች» የተባለውን፣ ጋሴል የሚሉት ሞሮኳዊ መንገደኛ የስፔንን ልማድና ድክመት በረጋ አእምሮ የሚመረምርበትን መጽሐፍም ጽፏል። ካዳልሶ ወታደር ነበርና በ1782 በጂብራልታር ከበባ ላይ ሞተ፤ ሁለቱም ሥራዎች ከሞቱ በኋላ፣ ከ1789 ጀምሮ በአንድ የማድሪድ ጋዜጣ ላይ ወጡ። እንግዲህ አንድ እጅ በአንድ ዘመን ሁለቱንም ጽፏል ማለት ነው። በመቃብሩ ጽሑፍ ውስጥ የሰማሽው ጩኸት በእርግጥም በኋላ ሮማንቲሲዝም የተባለው ጩኸት ነው፤ ብዙ ሊቃውንትም የሮማንቲሲዝም ዋዜማ ይሉታል። ካርድሽ ላይ አመክንዮና ስሜት በተለያየ ክፍል ስለ ተቀመጡ፣ ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሲገናኙ ካርዱ ምንም ሊነግርሽ አልቻለም።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ዘመናቱን በሠንጠረዥ ነበር የያዝኋቸው፤ ሠንጠረዡ ፈተና አሳለፈኝ እንጂ አንዱንም መጽሐፍ አላስወደደኝም። ያስወደደኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ያገኘሁት ሌላ መንገድ ነው፤ ለአንቺም የምመክርሽ እርሱን ነው። ሦስቱን ዘመናት እንደ ሦስት ክፍል አትያዣቸው። አንድ ጥያቄ ምረጪና ጥያቄው ከደራሲ ወደ ደራሲ ሲተላለፍ እየተከተልሽ አንብቢ። በዚህ መቶ ዓመት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሳይቋረጥ የሚሄደው ጥያቄ፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህ ነው፦ አንዲት ልጅ ለጋብቻ «እሺ» ስትል፣ ያ እሺታ የማን ነው?

መነሻሽን ኦቪዬዶ ላይ አድርጊ። በዚያች በሰሜን ስፔን ባለች ከተማ ቤኒቶ ፌይሆ የተባለ መነኩሴ በ1726 የድርሰቶቹን የመጀመሪያ ጥራዝ አሳተመ፤ በውስጡም ለሴቶች ጥብቅና ቆሞ፣ የሴት አእምሮ ከወንድ አያንስም ብሎ የሚከራከር ረጅም ጽሑፍ አለ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ግን፣ በ1776፣ ንጉሥ ካርሎስ ሦስተኛ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ያለ አባታቸው ፈቃድ እንዳያገቡ የሚያዝ ሕግ አወጣ። አብርሆት ያልነው ዘመን እነዚህን ሁለቱን በአንድነት የያዘ ነው። አእምሮን ነጻ ማውጣት ይፈልጋል፤ የቤተሰብን ሥርዓት ግን ከላይ በሕግ መምራት ይሻል።

ይህን ከያዝሽ በኋላ የሌያንድሮ ሞራቲንን «የልጃገረዶች እሺታ» አንብቢ። ተውኔቱ በማድሪድ የቀረበው በጥር 1806 ሲሆን፣ ዐቢይ ጾም ቲያትር ቤቶችን እስኪያዘጋ ድረስ ለ26 ቀናት ያለማቋረጥ ታየ፤ ለዚያ ዘመን ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። ፓኪታ 16 ዓመቷ ነው፤ ያደገችው በገዳም ነው። እናቷ ዶኛ ኢሬኔ ለ59 ዓመቱ ባለጸጋ ለዶን ዲዬጎ ልትድራት ወደ ማድሪድ ስትወስዳት በአልካላ ዴ ኤናሬስ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ያድራሉ። ልጅቷ ግን አንድ ወጣት መኮንን ትወድዳለች፤ ወጣቱም፣ እርሷ ሳታውቅ፣ የዶን ዲዬጎ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ቃል ሲገባ አይተን ላደግን ለእኛ የዚያች ክፍል አየር እንግዳ አይሆንም። እናት በልጇ ፋንታ ትመልሳለች፤ ልጅ አንገቷን ደፍታ ትስማማለች፤ ሁሉም ጨዋነቷን ያመሰግናል። ሞራቲን የሚያስደነግጠን እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ገቢር ዶን ዲዬጎ ራሱ፣ ያ ሊያገባት የነበረው ሰው፣ ልጅን በደንብ አሳደግን የምንለው ስሜቷን መደበቅና መዋሸት ስናስተምራት ነው ብሎ ይናገራል፤ የማትፈልገውን እሺ እንድትል ካስለመድናት በኋላ እሺታዋን እንደ ማስረጃ እንቆጥረዋለን ይላል። ከዚያም ወደ ኋላ ይልና ሁለቱን ወጣቶች ያጋባል። ልብ በዪ፤ ተውኔቱ የሚጀምረው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ የሚያልቀው ሲነጋ ነው። አብርሆት የሚለው ቃል ከብርሃን መምጣቱን አንቺ በአማርኛ ስለምታውቂው፣ ይህን መምህርሽ ሳይነግርሽ ታዪዋለሽ። አንድ ቦታ፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ጉዳይ፤ ችግሩን የፈታው ልብ ሳይሆን የአዋቂ ሰው ማስተዋል ነው። ሥልጣኑ አሁንም በሽማግሌው እጅ መሆኑን ግን አትርሺ፤ ፓኪታ ነጻ የወጣችው እርሱ ስለ ፈቀደ ነው።

ከዚህ በኋላ ስፔን ራሷ ተሰበረች። በ1808 የናፖሊዮን ጦር ገባ፤ ሞራቲን ከፈረንሳዮቹ ወገን ስለ ቆመ በመጨረሻ አገሩን ለቆ በ1828 በፓሪስ ሞተ። ፈርናንዶ ሰባተኛ ሲመለስ በ1812 በካዲስ የወጣውን ሕገ መንግሥት ሻረ፤ ለውጥ ፈላጊዎቹም እስር ቤት ገቡ ወይም ተሰደዱ። ሮማንቲሲዝም በስፔን ለምን ዘገየ ብለው ቢጠይቁሽ መልሱ ይህ ነው። ጸሐፊዎቹ በለንደን፣ በማልታና በፓሪስ ስደት ላይ ነበሩ፤ የተመለሱት ንጉሡ በ1833 ከሞተ በኋላ ነው። ሲመለሱም የያዙት ጥያቄ ያው ነበር፤ መልሱ ላይ ያላቸው እምነት ግን ጠፍቶ ነበር።

በ1835 የቀረበውን የዱክ ዴ ሪቫስን «ዶን አልቫሮ ወይም የዕጣ ፈንታ ኃይል» ከሞራቲን ቀጥለሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንብቢው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ያለ ካርድ ይታይሻል። እዚህም አባት ልጁን ይከለክላል፤ እዚህም ልጅቷ ሌላ ሰው ትወድዳለች። ነገር ግን ሲነጋ የሚያስታርቅ ዶን ዲዬጎ የለም። ዶን አልቫሮ እጅ ሰጥቶ ሽጉጡን መሬት ላይ ሲጥል በድንገት ተኩሶ አባትየውን ይገድላል፤ ከዚያ በኋላ ታሪኩ ከሴቪያ ወደ ጣሊያን የጦር ሜዳ፣ ከጦር ሜዳ ወደ ገዳም እየተሻገረ፣ ስድ ንባቡ ከግጥም ጋር እየተቀላቀለ፣ ልጅቷም ወንድሞቿም አልቀው፣ እርሱ ራሱ በመብረቅና በነጎድጓድ መካከል ከገደል ይወረወራል። ዶን አልቫሮ የተናቀበት ምክንያት ደግሞ ትውልዱ ነው፤ እናቱ የኢንካ ልዕልት ናት። በጥበብ ሊፈታ ይችል የነበረውን ነገር የደም ኩራትና ዕጣ ፈንታ ሲበሉት ታያለሽ።

በመሐል ጋዜጠኛውን ላራን አንድ ከሰዓት ስጪው። «በችኮላና በመጥፎ ማግባት» የተባለው የ1832 መጣጥፉ አጭር ነው፤ ለሞራቲን የተሰጠ መራራ መልስ አድርገሽ ልታነቢው ትችያለሽ፣ ፍቅር ብቻውን ያለ ዕውቀትና ያለ እንጀራ ጋብቻን አይሸከምም ይላልና።

አሁን ስለ ቋንቋው ያነሣሽውን ላንሣ፤ ሆሴ ሶሪያ የተባለው ደራሲ የጻፈው ተውኔት «ዶን ሁዋን ቴኖሪዮ» (1844) ለዚህ ይመቻል። አንቺ በደብዳቤሽ እርስዎ ብለሽኛል፤ እኔ አንቺ እያልሁ እመልስልሻለሁ። ይህ በመካከላችን ያለ ልዩነት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የክፍል ጓደኞችሽ በማብራሪያ ብቻ የሚገባ ነገር ነው፤ ለአንቺ ግን በጆሮሽ ያለ ነው። በሞራቲን ተውኔት አጎት ለዘመዱ «ቱ» ሲል ዘመዱ ለአጎቱ «ኡስቴድ» ይላል፤ እኛ አንተና እርስዎ እንደምንለው ማለት ነው። በ«ዶን ሁዋን» ደግሞ ታሪኩ በ1545 የተቀመጠ ስለሆነ የአክብሮቱ ቃል «ቮስ» ነው። የሥራ ባልደረቦችሽ፣ የሳልቫዶር ሰዎች፣ «ቮስ» የሚሉት ለሚቀርቡት ሰው ነውና ይህ አሳስቶሽ ይሆናል፤ በሶሪያ ተውኔት ግን ቃሉ ገና ከፍ ያለ ነው። በገዳም ያደገችው ዶኛ ኢኔስ በዶን ሁዋን የፍቅር ቃል ስትናወጥ በመጀመሪያ «ካያድ» ትለዋለች፣ ዝም ይበሉ እንደ ማለት ነው። ባልደረቦችሽ በወጥ ቤቱ ውስጥ «ካያ» ሲሉ የምትሰሚው የዚሁ ቃል መጨረሻው የወደቀ ቅርጽ ነው። ንግግሯን ስትጨርስ ግን ኢኔስ ወደ «ቱ» ተሻግራለች፤ ልቤን ንቀለው ወይም ውደደኝ ትለዋለች። በዚያች አጭር ንግግር ውስጥ እርስዎ ወደ አንተ ሲለወጥ፣ የገዳሙ ልጅ እሺታዋን በማንም ሳትጠየቅ ራሷ ሰጠች ማለት ነው። ይህን አንቀጽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ከምግብ ቤት የተማርሽው ስፓኒሽ አያሳፍርሽ፤ የቃላቱ ልማድ ከአንቺ ጋር ነው፣ የቀረሽ የመጽሐፉን ዘመን መልመድ ብቻ ነው።

እስከ አሁን የጠቀስኋቸው ሁሉ ወንዶች መሆናቸውን ሳታስተውዪ አልቀረሽም። የኩባ ተወላጅዋ ኸርትሩዲስ ጎሜስ ዴ አቬያኔዳ በ1841 በማድሪድ ያሳተመችው «ሳብ» በመምህርሽ ዝርዝር ላይ ባይኖር እንኳ ጨምሪው። ሳብ ባሪያ ነው፤ የጌታውን ልጅ ካርሎታን ይወድዳል፤ እርሷ ግን የምታገባው ዓይኑ ይዛው በምትመጣው ሀብት ላይ የሆነ ነጋዴ ነው። በመጨረሻ በጻፈው ደብዳቤ ሳብ የሚስትን ዕጣ ከባሪያ ዕጣ ጋር ያመዛዝናል፤ ባሪያ ጌታ ሊለውጥ፣ ገንዘብ አጠራቅሞም ነጻነቱን ሊገዛ ተስፋ ያደርጋል፣ ሴት ግን ይህም የላትም ይላል። ሞራቲን እሺታው እውነተኛ ይሁን ብሎ ነበር፤ አቬያኔዳ እውነተኛ እሺታም ቢሆን ወደ ምን እንደሚያስገባ ጠየቀች።

እንግዲህ ወደ ኦቪዬዶ እንመለስ። በዚያችው ፌይሆ በኖረባት ከተማ የሕግ መምህር የነበረው ሌኦፖልዶ አላስ፣ በብዕር ስሙ ክላሪን፣ በ1884 እና በ1885 «ላ ሬኸንታ» የተባለውን ልብ ወለድ በሁለት ጥራዝ አወጣ። ከተማዋን ቬቱስታ ብሎ ጠራት፤ የኦቪዬዶ ሰዎች ግን ራሳቸውን አወቁ፣ ጳጳሱም መጽሐፉን አወገዙት። ከዝርዝርሽ ሁሉ አንድ መጽሐፍ ብቻ ሙሉውን የምታነቢ ቢሆን ይህን አንብቢ። የጋልዶስን «ፎርቱናታና ሐሲንታ» (1886–1887) እጅግ እወድደዋለሁ፤ የያዝነውን ጥያቄ ግን እንደ ክላሪን የጨረሰው የለም።

የመጽሐፉ ባለታሪክ አና ኦሶሬስ ፓኪታ ነች፤ ነገር ግን ዶን ዲዬጎ ወደ ኋላ ያላለባት ፓኪታ ነች። ባሏ ቪክቶር ኪንታናር በዕድሜ እጅግ ይበልጣታል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ እንደ ልጁ ይወድዳታል፣ ችግሩም ይኸው ነው። ማንም በግድ አልዳራትም። ወላጅ አልባ ነበረች፤ አክስቶቿ ከአሜሪካ በልጽጎ ለተመለሰ ሌላ ሰው ሊሰጧት ሲያስቡ፣ እርሷ ኪንታናርን መረጠች። እሺ ያለችው በራሷ አፍ ነው። የሪያሊዝምን ልብ ከፈለግሽ እዚህ ታገኚዋለሽ። አስገዳጅ አባት የለም፣ ሽጉጥ የለም፣ ዕጣ ፈንታም የለም፤ ያለው ድህነት፣ ሐሜት፣ የከተማው ዓይን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብና ዝናቡ ነው። እነዚህ ተደማምረው እሺ አሰኟት።

ምዕራፍ 16ን ሁለት ጊዜ አንብቢ። የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው፤ ባሏ ወደ ክበቡ ሄዷል። አና ከምሳ በኋላ ብቻዋን ተቀምጣ ጠረጴዛው ላይ ትቶት የሄደውን በግማሽ የተጨሰ ሲጋራ ታያለች። ሲጋራን ሙሉ ማጨስ፣ ሴትንም ሙሉ መውደድ የማይችል ሰው ብላ ታስባለች፤ ራሷም እንደዚያ ሲጋራ ናት፣ ለአንዱ ያልሆነች፣ ለሌላም ልትሆን የማትችል። ሪቫስ መብረቅ ያስፈለገውን ነገር ክላሪን በአንድ የሲጋራ ቁራጭ አደረገው። በዚያው ምሽት ወደ ቲያትር ቤት ትሄዳለች፤ በስፔን በዚያ በዓል ሰሞን የሚታየው «ዶን ሁዋን ቴኖሪዮ» ነውና እርሱን ታያለች። ከተማው ሁሉ ግጥሙን በቃሉ ስለሚያውቀው አያዳምጥም፤ አና ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተጻፈ ያህል ትሰማዋለች፣ በዶኛ ኢኔስ ውስጥ ራሷን አይታ ታለቅሳለች። አጠገቧ ያለው አሳሳች ስሙ አልቫሮ ሜሲያ ነው፤ በግጥሙ አይነካም፣ እንባዋን ግን ለራሱ ጥቅም ይቆጥረዋል። ሮማንቲሲዝም በሪያሊዝም ውስጥ ተቀምጦ፣ እንደ ውበትም እንደ ወጥመድም ሲታይ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሞራቲንንና ሶሪያን ሳታነቢ ይህን ምዕራፍ ብታነቢው ግማሹ ያመልጥሽ ነበር፤ ቅደም ተከተሉን የመከርሁሽም ለዚህ ነው። የሞራቲን ተውኔት በንጋት ያበቃል፤ ክላሪን መጽሐፉን የሚዘጋው በጥቅምት ቀን፣ እየጨለመ ባለ ካቴድራል ውስጥ፣ አና መሬት ላይ ወድቃ ሳለ ነው።

ስለ ርዝመቱ አትፍሪ። መጽሐፉ 30 ምዕራፍ ነው፤ በሳምንት ሦስት ምዕራፍ ብታነቢ በ10 ሳምንት ይጠናቀቃል። የመጀመሪያው ጥራዝ ሙሉው በሦስት ቀን ውስጥ የሚፈጸም ስለሆነ አካሄዱ ያዘገማል፤ ያ ዝግታ የደራሲው ፈቃድ ነው፣ የአንቺ ድካም አይደለም። እያንዳንዱን ምዕራፍ መጀመሪያ በስፓኒሽ፣ መዝገበ ቃላት ሳትከፍቺ እስከ መጨረሻው ውረጂበት፤ ከዚያ የጠፋብሽን ቦታ ብቻ በጆን ራዘርፎርድ የእንግሊዝኛ ትርጉም ላይ ፈልጊ። ትርጉሙ መልካም ነው፤ ቀድመሽ ካነበብሽው ግን የሚነግርሽ ታሪኩን እንጂ ድምፁን አይሆንም። ተውኔቶቹንና የባለቅኔውን የቤከርን አጫጭር ግጥሞች ግን በትርጉም አትንኪያቸው። ገንዘብ ካጠረሽ በሚገል ዴ ሰርቫንቴስ ስም የተሰየመው የበይነ መረብ ቤተ መጻሕፍት አብዛኞቹን ሥራዎች በነጻ አስቀምጧቸዋል፤ መግዛት ከቻልሽ ግን የግርጌ ማስታወሻ ያለውን ካቴድራ የተባለውን አሳታሚ ኅትመት እመርጥልሻለሁ፣ የዘመኑን ልብስ፣ ገንዘብና ማዕረግ ያስረዳልና።

ለአባትሽ ጥያቄ አንድ ቀን ሳይቆጡ ጊዜ ሰጥተው ሲያዳምጡሽ መልሺላቸው። በምትኖሪበት አካባቢ በፍርድ ቤት፣ በሆስፒታልና በትምህርት ቤት ስፓኒሽን ከነክብሩና ከነቅርበቱ ለይቶ የሚሰማ፣ በትክክልም የሚጽፍ ሰው እንደሚፈለግ ንገሪያቸው፤ ያ ጆሮ የሚሠለጥነው እንደነዚህ ባሉ መጻሕፍት ነው። ከተቻለም የሞራቲንን ታሪክ በአማርኛ ተርኪላቸው፤ ዶን ዲዬጎ ምን ማድረግ እንደ ነበረበት እርሳቸው ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ።

የሴሚስተሩን ጽሑፍ ርዕስ ገና አልመረጥሽ ከሆነ፣ አና በቲያትር ቤቱ ሰገነት ላይ ተቀምጣ ኢኔስን ስታዳምጥ የምታሳየዋን ትዕይንት ውሰጂ። መጀመሪያ የኢኔስን «ካያድ» እና «ቱ» ለይተሽ አስቀምጪ፤ ከዚያ አና ከአክብሮቱና ከቅርበቱ አነጋገር የትኛውን ለባሏ፣ የትኛውን ለአልቫሮ እንደምትናገር ከምዕራፍ 16 በኋላ ያሉትን ንግግሮች እያገላበጥሽ መዝግቢ። የምታገኚውን ጻፊልኝ።